መሃሉ ላይ የተኛው ሰው

የከተማችንን ስም አትጠይቁኝ። አስተዳደር በተለወጠ ቁጥር እሱም ሲለወጥ ስለኖረ፣ አሁን የትኛው ላይ እንደደረስን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። አናጢ ነኝ፤ ድንቁ ይሉኛል። ድሮ በርና መስኮት እሠራ ነበር። በኋላ ከተማው ከበርና መስኮት ይልቅ የእንጨት ሰው ስለፈለገ ወደዚያው ዞርኩ። እንጀራ ነው፣ ምን ይደረግ።

የማወራችሁ ስለ ጎረቤቴ ስለ እትዬ ይርገዱና አልጋ ላይ ስለዋለው ባሏ ስለ ጋሽ አምባዬ ነው። ምክር ቤቱ ያንን አልጋ ካለበት አነሳለሁ ብሎ ተነሣ፤ እሷ ደግሞ አይነሳም አለች። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ከሥሩ ካልጀመርኩት አታምኑኝም። ከሥሩ ብጀምረውም ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ የራሳችሁ ጉዳይ።

እትዬ ይርገዱ በወጣትነቷ ቻይናዎች መንገድ በሚሠሩበት ካምፕ ድስት ታጥብ ነበር። ጋሽ አምባዬ እዚያው የገልባጭ መኪና ሹፌር ነበር። የካምፑ ወጥ ሠሪ ሊ የሚባል ቀጭን ሽማግሌ ነው። ሊ ሥራው ጋብ ሲል፣ በምድጃውና በሩዝ ጆንያው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ የአገሩን የእጅ ፍልሚያ ጥበብ አስተማራት። መዝለል የለበትም፣ መጮህ የለበትም፣ እግር እስከ ጆሮ ማንሳት የለበትም። ሁለት ሰዎች ትንፋሽ ለትንፋሽ ቆመው፣ ክንድ ለክንድ ተነካክተው የሚሠሩት ነው። ትምህርቱም ረጅም አይደለም። መሃልህን ጠብቅ። ክርንህን ሰብስብ። ስትከላከል በዚያው ምታ። እጅ አታሳድድ፣ ሰውየውን ያዝ። ጉልበት ሲመጣብህ በጉልበት አትግጠም፤ ክንድህን አስነካና የሚሄድበትን ስማ። በቃ ይኸው ነው፤ ቀሪው ልምምድ ነው።

ይኼን ሁሉ ተምራ ለምን እንዳዋለችው ታውቃላችሁ? ጋሽ አምባዬን ለማገላበጥ። ሰውየው ግዙፍ ነው፣ እሷ ደግሞ ነፋስ የሚወስዳት። በሽታ መጥቶ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው፣ ምላሱም ሲተሳሰር፣ ጀርባው እንዳይቆስል በየጊዜው ማገላበጥ ነበረባት። ሁለት ጎረምሳ የሚያቅተውን እሷ ብቻዋን ታደርገው ነበር። ክርኗን ሰብስባ ትጠጋዋለች፣ ክብደቱ ወዴት መሄድ እንደፈለገ በክንዷ ትሰማለች፣ ከዚያ በዚያው ትሸኘዋለች። «አልታገለውም። ራሱ ነው የሚገለበጠው፣ እኔ አብሬው እሄዳለሁ» ትለኝ ነበር። እኔ አንድ ቀን ልርዳ ብዬ ስሞክር ወገቤን ያዘኝና ሳምንት ሙሉ ተኛሁ። እኔንም ልታገላብጠኝ ትመጣ ነበር።

ምክር ቤቱ ይህን ጥበብ እንዴት እንዳወቀው ደግሞ ልንገራችሁ። ገበያችን ውስጥ ጎንጤ የሚባል ግድንግድ ቀማኛ ነበር። አንድ ቅዳሜ የእትዬ ይርገዱን ዘንቢል ሊነጥቅ አስቦ፣ ደረቷን ሊገፋ እጁን ሰደደ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም አይተናል። ቀጥሎ ያየነው ጎንጤ የድንች ክምር ላይ ተቀምጦ «ማነው የመታኝ?» ሲል ነው። የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር እዚያው ድንች እየመረጠ ነበር።

ከተማችን ያኔ መርህ አጥታ ነበር። ከዚያ በፊት የምንተዳደረው በንብ መርህ ነው። አንድ ንብ አርቢ መጥቶ ስለ ንብ ትጋት ንግግር ካደረገ በኋላ፣ ምክር ቤቱ ሕዝቡን ሠራተኛ፣ ድንጉላና ንግሥት ብሎ መደበ። ንግሥት ነን ያሉት ሴቶች ብዙ ሆነው እርስ በርስ ሲናደፉ መርሁ ተተወ። እንግዲህ ሊቀ መንበሩ ጎንጤን ድንች ላይ ሲያየው ምን እንዳሰበ መገመት ነው። እትዬ ይርገዱን አስጠርቶ የተማረችውን አንድ በአንድ አስነገራት።

«ጌታዬ፣ ይኼ እኮ የወጥ ቤት ጨዋታ ነው» አለችው።

«ወይዘሮ፣ አገርስ ቢሆን ከወጥ ቤት በምን ይለያል? የሚከትፍ አለ፣ የሚከተፍ አለ» አላት።

በሳምንቱ ሕግ ሆኖ ታወጀ።

መጀመሪያ የመጣብን ክርን ነው። የክርን አለቃ የሚባል ሹም ተሾመ፣ ሲባጎ የያዙ ረዳቶችም ተመደቡለት። ክርኑን ከጎኑ አርቆ የተገኘ ሰው ክንዱ ከወገቡ ጋር ታስሮ ይውላል። ተሸካሚዎች ተቸገሩ፣ ልብስ አጣቢዎች ተቸገሩ፤ እኔም በተሰበሰበ ክርን መጋዝ አልሳብልህ ቢለኝ ልዩ ፈቃድ ለመንኩ። ሠርግ ላይ ትከሻ መንቀጥቀጥ ተፈቀደ፣ ክርን መወርወር ተከለከለ። ሙሽሮች ሲተቃቀፉ አለቃው ራሱ እየመጣ ክርናቸውን ይለካ ነበር። ለመድነው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ስትከላከል በዚያው ምታ የሚለው ለቢሮ ሰዎች ተስማማቸው። «ውሃ ከጠፋ ሰነበተ» ብላችሁ ስትሄዱ፣ «እውነት ነው ጠፍቷል፤ ለመሆኑ አንተ ማንን አስፈቅደህ ነው የጠማህ?» ይሏችኋል። መልሱና ክሱ ባንድ ትንፋሽ ይወጣል። እጅ አታሳድድ የሚለውን ደግሞ ጥበቃዎች ወደዱት። ኪስ ውስጥ የገባን የሌባ እጅ መያዝ ክልክል ሆነ። ጥበቃው ሌባው ፊት ቀጥ ብሎ ይቆምና መሃል ደረቱን ያየዋል፤ ሌባው ሥራውን ሲጨርስ አመስግኖት ይሄዳል። ጎንጤ ሰው የሆነው ያኔ ነው። ቤት ሠራ፣ ዕድር ገባ፣ አሁን ሰብሳቢያችን ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ክንድ ማስነካት ነው። ማንም ባለጉዳይ ክንዱን ከሹሙ ክንድ ጋር ሳያስነካ አቤት ማለት አይችልም፤ የልብ ሐሳብ በክንድ ይሰማል ተባለ። ሙግትም እንደዚያው ሆነ። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ክንድ ለክንድ ያስነካሉ፤ ቀድሞ ያነሳ ተረታ። ማስረጃ የለ፣ ምስክር የለ። ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች መሬታቸውን አጥተው አለቁ።

ሹሞቹ ብዙም ሳይቆይ ክንዳቸው ዛለ። እኔ ጋ የመጡት ያኔ ነው። ይህ ጥበብ መለማመጃ የሚሆን የእንጨት ሰው አለው፤ ወፍራም ግንድ ነው፣ ሦስት እጅና አንድ እግር ይሰካበታል። ለእትዬ ይርገዱ አንድ ሠርቼላት ነበር። ሊቀ መንበሩ አየውና «ይኼ አይደክመው፣ ደሞዝ አይጠይቅ» ብሎ ለየቢሮው አዘዘኝ። ሕዝቡ ወረፋ ይዞ የእንጨቱን ክንድ እየነካ ጉዳዩን ይናገራል። እንጨቱ ዝም ካለ አይሆንም ማለት ነው። እንጨት ደግሞ ዝም ይላል። ባለ ሦስት እጅ ሹም አይተው የሳቁ ነበሩ፤ እኔን አልገረመኝም። ሦስተኛ እጅ ያላቸው ሹሞች ድሮም ነበሩን፣ ልዩነቱ የነዚህኛው መታየቱ ነው።

እንግዲህ መሃልህን ጠብቅ የሚለው ቀረ። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ሲያጣራ፣ ከተማዋ የምትጠብቀው መሃል የላትም። ወዲያው የመሃል ሹም የሚባል ሥልጣን ተፈጠረና ልሳነወርቅ የሚባል ወጣት ተሾመበት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ሲስቅ ታይቶ የማይታወቅ። በክንድ ሙግት የሚረታው አልተገኘም ነበር። ልሳነወርቅ ከከተማው ምሥራቅ በር እስከ ምዕራብ በር ገመድ አስወጠረ። ገመዱ ያረፈበት ሁሉ መሃል ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ የሚቆም ቤት፣ የሚተኛ ሰው አይኑር ተባለ። ገመዱ ሥጋ ቤቱን ለሁለት ከፈለ፣ የትምህርት ቤቱን ጥቁር ሰሌዳ አቋረጠ፣ ከዚያ በእትዬ ይርገዱ መስኮት ገብቶ በጋሽ አምባዬ ደረት ላይ አልፎ በጓሮ ወጣ።

ሠራተኞቹ ገመዱን ደረቱ ላይ ሲያሳርፉት «ይቅርታ ጋሼ» ብለውታል። ይኼን አልክድም።

እትዬ ይርገዱ ሹሙን ተከትላ ደጅ ወጣች።

«ልጄ፣ መሃል እኮ መሬት ላይ አይደለም። እዚህ ነው» ብላ ደረቱን በጣቷ ነካችው። «አንተ ስትዞር አብሮህ ይዞራል። እኔ የተማርኩት እንዲያ ነው።»

«ከተማ አይዞርም፣ ወይዘሮ።»

«እንግዲያው መሃል የለውማ!»

«ወጥረን አግኝተነዋል» አላት በትህትና።

በምትኩ ከተማው ዳር አንድ ክፍል ተሰጣት። ሄጄ ለካሁላት፤ አልጋው በበሩ አይገባም። ሐኪሙም መጥቶ ጋሽ አምባዬን አየውና ቁርጡን ነገራት። «ልቡ ደክሟል። በቃሬዛ ያንን ኮረኮንች ይዛችሁት ከሄዳችሁ አይደርስም» አለ። ጋሽ አምባዬ እንደማይድን ታውቃለች፤ ሞኝ አይደለችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መንገድ ላይ፣ በሰው እጅ እየተንገላታ እንዳይሞት።

መጀመሪያ አቤት ልትል ወደ ቢሮ ሄደች፤ አብሬያት ሄድኩ። ተራዋ ሲደርስ ክንዷን የእንጨቱ ሹም ክንድ ላይ አሳርፋ ጉዳይዋን ተናገረች። እንጨቱ ዝም። እሷ ግን የጥበቡ ባለቤት ናት፤ በእጇ አንጓ ትንሽ ገፋ ብታደርገው የእንጨቱ እጆች በየቀዳዳቸው ተንኳኩ። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ «ተነቃነቀ! ፈቀደላት!» ብሎ እልል አለ። የችሎቱ ጸሐፊ የሚባለው ወፍራም፣ ችኩል ሰውዬ ከጓዳ ብቅ አለና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ነገሩት።

«የተነቃነቀው እጁ ነው» አለ። «እጅ አናሳድድም። ተከልክሏል።»

ያን ቀን ነው ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ሰፈሩ እየሰማ፣ «ባሌ ከዚህ አልጋ የሚወርደው ፈጣሪ ሲያወርደው ነው!» ያለችው። ፈርታለች፤ እኔም ከእሷ ብሼ ፈርቻለሁ። እምቢ ካለች በክንድ ችሎት ይታይ ተባለ።

ችሎቱ በጠዋት ቤቷ ድረስ መጣ። መጀመሪያ የላኩት አንዱን የእንጨት ሹም ነው። አራት ሰው ተሸክሞት በሩ ላይ ሲደርስ፣ ሦስተኛው እጁ መቃኑ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። ወደፊት ቢሉት እምቢ፣ ወደኋላ ቢሉት እምቢ።

«ድንቁ፣ መጋዝህን አምጣና ይቺን እጅ ቁረጥልን» አለኝ ጸሐፊው።

«የሹም እጅ ልቁረጥ? ኧረ እኔ የልጆች አባት ነኝ!»

ሕጉን ገልጦ አየ። እውነቴን ነው፤ የሹም እጅ መቁረጥ ያሳስራል። የእንጨቱ ሹም በሩን እንደወተፈ ቀረና መግቢያና መውጫችን መስኮቱ ሆነ። ልሳነወርቅ ራሱ ሊሟገት ወሰነ፤ በመስኮት ሲገባ ሸሚዙ ሚስማር ይዞት ትንሽ ተቀደደ።

እትዬ ይርገዱ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት። ጸሐፊው ከውጭ አንገቱን አስግጎ ከለከላት።

«ወይዘሮ፣ እርስዎ ከገመዱ ውጭ ነው የቆሙት። መሃሉን የያዙት እሳቸው ናቸው» ብሎ ጣቱን ወደ አልጋው ቀሰረ። «ሙግቱ ከእሳቸው ጋር ነው። በሕጉ መሠረት በቀኝ ክንድ።»

«ኧረ በፈጠራችሁ! ቀኙ እኮ የሞተ ነው!»

«ሕጉ የሞተና ያልሞተ ብሎ አይለይም።»

በቃ አለቀላት ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ልሳነወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ክንዱን ከጋሽ አምባዬ ቀኝ ክንድ ጋር አስነካ።

ገፋ፤ ክንዱ ሄደ። ሳበ፤ ክንዱ መጣ። ወደ ላይ ቢወስደው ወደ ላይ፣ ወደ ታች ቢጫነው ወደ ታች። ግን ከክንዱ አልለይ አለው። እንዴት ይለይ፣ ማን ያንሳው? ልሳነወርቅ ሰው ሁሉ የተረታለት የሰውን ፍርሃት በክንዱ እየሰማ፣ የሚደነግጥበትን አፍታ እየጠበቀ ነው። እዚህ የሚሰማ ነገር የለም። የማይፈራ፣ የማይቸኩል፣ ከእሱ ምንም የማይፈልግ ክንድ ገጥሞት አያውቅም። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«የማገላበጫው ሰዓት ደርሷል» አለች እትዬ ይርገዱ።

«ችሎት ላይ ነን!» አለ ጸሐፊው።

«ጀርባው ችሎት አያውቅም።»

ልሳነወርቅ ክንዱን ካነሳ ይረታል። ስለዚህ አብሮ ማገላበጥ ነበረበት። ባንድ እጁ እንደ ጆንያ ሊያነሳው ታገለ፤ ጋሽ አምባዬ አቃሰተ፣ ሹሙም ሊወድቅበት ምንም አልቀረው።

«ክርንህን ሰብስብ፣ ልጄ» አለችው። «አትታገለው። ወዴት መሄድ ነው የሚፈልገው? ስማው።»

የክርን አለቃው እዚያው መስኮት ሥር ነበር። የመሃል ሹም ክርን እንዲያ ተበትኖ እያየ ሲባጎውን ኪሱ ከተተው።

ልሳነወርቅ ቆም አለ። ትንፋሹን ዋጥ አደረገና ተጠጋ። ጋሽ አምባዬ ቀስ ብሎ ተገለበጠ።

«ሄደ» አለ ልሳነወርቅ እየተገረመ። «ራሱ ሄደ እኮ!»

«አልኩህ እኮ።»

ሾርባ ስታጠጣው ለሹሙም ማንኪያ ሰጠችው፤ በግራ እጁ እያፈሰሰ ጠጣ። ሲመሽ እኔ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። በማግስቱ ስመለስ የአንገት ቁልፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ክንዱ ግን እንዳለ ነው። እትዬ ይርገዱ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። «ትናንት እንደ ጆንያ ነበር የሚያነሳው፣ ዛሬ እንደ ሰው ያነሳዋል» አለችኝ። ሳቅ ብላ ነበር። ከታመመባት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከምሳ በኋላ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። እሱን ሌላ ሰው ይዞላት እንዲያ ተኝታ አታውቅም። እኔ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ነበር። ልሳነወርቅ ድንገት ቀና አለ። የጋሽ አምባዬን ፊት አየ፣ ክንዱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። የጋሽ አምባዬ ደረት አይነሳም፣ አይወርድም።

ጸሐፊው በትከሻዬ በኩል አሾልቆ ነገሩ ገባው።

«ክቡር ሹም! አበቃ እኮ! መሃሉ ተለቀቀ! ረቱ!»

«ቀስ በል፣ ተኝታለች» አለው ልሳነወርቅ።

«ሟች መሃል መያዝ አይችልም፣ ሕጉ ላይ...»

«ተኝታለች አልኩህ።»

ክንዱን ሳያነሳ ቀረ። ከሬሳ ጋር ነው፤ እየቀዘቀዘ ነው። ማርያምን፣ እኔ ብሆን ዘልዬ በመስኮት እወጣ ነበር። እሱ እስክትነቃ ጠበቀ። ስትነቃ ማንም ምንም አልነገራትም፤ አንዴ አይታ አወቀች። ሄዳ ጉንጩን ዳሰሰችው፣ ዓይኑን ከደነችለት። ያኔ ልሳነወርቅ ሁላችንም እያየነው ክንዱን አነሳ።

«አነሱ! ክቡር ሹም፣ ቀድመው አነሱ!»

«አዎ፣ አነሳሁ። ጻፍ» አለው።

ጋሽ አምባዬን ልናወጣው ስንል የእንጨቱ ሹም አሁንም በሩን ወትፎታል። ማንም ሳያዘኝ መጋዜን አወጣሁና ሦስተኛ እጁን ቆረጥኩት። ሕግ የጠቀሰብኝ ሰው አልነበረም። ጸሐፊው ራሱ ግንዱን ይዞ ወደ ጎን ገፋልኝ።

በሕጋችን ሹምን የረታ ሹመቱን ይወርሳል። ስለዚህ ሊቀ መንበሩ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ድንኳን ውስጥ ቆሞ፣ ጋሽ አምባዬ የመሃል ሹም ሆኖ መሾሙን አበሰረን። ለቀስተኛው ማልቀስ ወይም ማጨብጨብ እንዳለበት ስላልተነገረው ሁለቱንም አደረገ። ጋሽ አምባዬ እስከ ዛሬ ሥልጣን ላይ ነው፤ አንድም ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም። ገመዱም የሹም ቤት አይቋረጥም ተብሎ በእትዬ ይርገዱ አጥር ዙሪያ እንዲዞር ተደረገ። ቤቷ ቀረላት።

ልሳነወርቅ ሹመቱን ስላጣ እንደ ማንም ሰው ሆኖ ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ዋለ። ሰው ሲበታተንና እኛ ጎረቤቶቿ ብቻ ስንቀር እትዬ ይርገዱ ጠራችው።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ።»

መጥቶ ፊቷ ተንበረከከ። ይቅርታ ሊጠይቅ መሰለኝ። እሷ ግን ይቅርታ አልፈለገችም።

«ያን ሁሉ ጊዜ ስይዘው ኖሬ፣ ሲሄድ አልነበርኩም» አለችው። «ተኝቼ! እንዴት ይተኛል? አፈር ልብላ! አንተ ነህ የነበርከው። እንዴት ሄደ?»

«ገፋኝ» አለ ልሳነወርቅ።

«ምን?»

«ክንዱ። ትንሽ ገፋኝ። ከዚያ ተወኝ።»

ይኼኔ ደሜ ፈላ። ያ ክንድ አይንቀሳቀስም፤ ሐኪሙ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ሰፈሩ ያውቃል። ሐዘንተኛ ለማጽናናት ቢሆን እንኳ እንዲህ ያለ ውሸት ነውር ነው። «አንተ ልጅ፣ ተው!» ልል አፌን ስከፍት እትዬ ይርገዱ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ ቀኝ ክንዷን ዘረጋችለት።

«አሳየኝ።»

ክንዱን ከክንዷ ጋር አስነካ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ምንም ሳያደርግ ቆየ። ከዚያ ትንሽ ገፋት፤ በጣም ትንሽ፣ ዝንብ እንኳ የማያስነሳ። እኔ ያየሁት የእጅጌዋ ጨርቅ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ወዲያው ክንዱ ላላና ክብደቱ ሁሉ እሷ ላይ ወደቀ። ያዘችው።

እውነቱን ይሁን ውሸቱን ከፊቷ ላነብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እንባዋ ይወርዳል።

«ድሮ ገልባጩ መኪና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ሳንቀላፋ እንዲህ ነበር የሚቀሰቅሰኝ» አለች።

ልሳነወርቅ ክንዱን ሊያነሳ ሲል በሌላው እጇ ያዘችው።

«አታንሳ። ደግመህ አሳየኝ።»